ትንሽ ወጪ፣ ሰፊ ጥላ፤ አንድ የጓሮ በረንዳ በግራና

ከቤታችሁ ጀርባ የተረሳ በረንዳ አለ? እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ባዶ ጀሪካን፣ ያረጀ ፍራሽና «አንድ ቀን ይጠቅማል» ተብሎ የተቀመጠ ቆርቆሮ ተከምሮበት ይሆናል። በዚህ ወር ጽሑፋችን ወደ ሰሜን ወሎ፣ ወደ ግራና እንወስዳችኋለን። እዚያ ያለ አንድ የጓሮ በረንዳ ሴራሚክ ሳይነጠፍበት፣ ውድ ወንበር ሳይገባበት እንደገና ሰው ተቀምጦበታል። እንዴት እንደሆነ ደረጃ በደረጃ እናያለን፤ ለእናንተ ቤት የሚሆነውን እየመረጣችሁ ውሰዱ።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በደብረ ብርሃንና በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልድያ ስትጓዙ፣ ደሴን ካለፋችሁ በኋላ አገሩ መልኩን ይለዋውጣል። ሐይቅን ታልፋላችሁ። በስሟ የሚጠራውን የ1881 ዓ.ም. ውል ሁላችንም በትምህርት ቤት የተማርንባትን ውጫሌን ታገኛላችሁ። ከዚያ መኪናው ቁልቁል ሲወርድ ሹራባችሁን ማውለቅ ትጀምራላችሁ። ውርጌሳን አልፋችሁ መርሳ ስትደርሱ፣ ከአዲስ አበባ 490 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችኋል ማለት ነው። እዚህ ማንጎና ፓፓያ የጓሮ ተክል ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ከሱቅ አይገዛም፣ ከዛፍ ይወርዳል።

መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ግራናም የዚሁ ወረዳ ናት፤ ሞቃት፣ በመስኖ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም የምታበቅል፣ ማሽላ በሰው ቁመት ልክና ከዚያም በላይ የሚቆምባት አገር። በዚያው በሀብሩ የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ዝናብ ለሚያጥራቸው አካባቢዎች ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ግራና-1» ይባላል። ስለዚህ ግራናን አይታችኋት ባታውቁም ስሟን የተሸከመ ዘር በሌላ አገር ማሳ ላይ በቅሎ ሊሆን ይችላል። ይህን ማሽላ አስታውሱት፤ አገዳው ኋላ ለጥላ ያስፈልገናል።

ገበላ፣ መደብ፣ ዳስ

የውጭ መጽሔቶች ከቤት ጀርባ ስለሚሠራ የእንጨት ወለል ሲጽፉ ነገሩ አዲስ ይመስላል። እኛ ግን ለዚህ ሁሉ የራሳችን ቃል አለን። ከቤቱ ጣሪያ ሥር ወጣ ብሎ የሚጠለለው ቦታ ገበላ ነው። ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በጭቃና በድንጋይ የሚሠራው መቀመጫ መደብ ነው። ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለሰደቃ በቋሚና በቅጠል የሚጣለው ጥላ ደግሞ ዳስ ነው። የዛሬው ሥራችን የእነዚህ የሦስቱ ድምር ነው።

በግራና የማወራላችሁ በረንዳ የአክስቴ ነው። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ተኩል ነው። ድሮ የአጎቴ ቦታ ነበር፤ ከዐስር ሶላት በኋላ እዚያ ይቀመጡ ነበር፤ ጎረቤትም ከመግሪብ በፊት ለቡና ይመጣ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲገባ ሀብሩም አላመለጠችም። አጎቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ፤ መድኃኒት በማይገኝባቸው በእነዚያ ወራት አረፉ። ጎረቤቱ ግማሹ ተሰድዶ ነበርና ዳስ ሳይጣል፣ ለቅሶ በወጉ ሳይደረስ ተቀበሩ። በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሰዉ ሲመለስ አክስቴ የተሰባበረውን የቤት ዕቃ ሁሉ ወደ ጓሮው በረንዳ አወጡ። የጓሮውንም በር ዘጉት። ቡና በሳሎን ብቻ ይፈላ ጀመር፤ ቆይቶም ለራሳቸው ብቻ።

ስለዚህ በረንዳውን እናድስ የሚለው ሐሳብ የማስዋብ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሳይወጣ የቀረ ሰደቃ ነበረ፤ አክስቴ ሰደቃውን «ባለቤቴ በሚቀመጥበት ቦታ ነው የማወጣው» ብለው ነበር።

መጀመሪያ የሚቀመጠው ሰው

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። በቢሯችን ማንኛውም ዕቅድ የሚጀምረው «ተጠቃሚው ማነው?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ለበረንዳም ያው ነው። ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥበት ጻፉ።

ጅዳ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ በስልክ ሴራሚክና ሲሚንቶ ይሁን አለ። «እማ፣ ብሩን እኔ እልካለሁ። የሰው ቤት እያማረ የእርስዎ በጭቃ ሲለሰን ሰው ምን ይላል?» አክስቴ ስልኩን ከጆሯቸው አራቅ አድርገው መለሱለት፤ «አንተ ፀሐይ ላይ የለፋኸውን እኔ መሬት ላይ አላነጥፈውም። ለእህትህ ልጅ ትምህርት ላክ። እኔ ጉልበቴን የማያመኝ መቀመጫና ጥላ ነው የምፈልገው።»

እሱ ተቀየመ። ሁለት ቀን አልደወለም። ከቤት ርቆ የሚሠራ ልጅ ገንዘቡ በዓይን የሚታይ ነገር ላይ ሲውል ማየት እንደሚፈልግ ይገባኛል፤ በየቤታችሁም ይህ ክርክር አለ። መፍትሔው ሥራውን መክፈል ሆነ፤ ያፈሰሰው የቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ በእሱ ገንዘብ ይቀየር፣ በረንዳው ደግሞ እናቱ እንዳሉት ይሁን። ውሃ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር የተሠራ መደብ አንድ ክረምት አይሻገርም፤ ስለዚህ የእሱ ድርሻ የሥራው መሠረት ነበር። ይህ ሲነገረው ቀለል አለው።

ፀሐይዋን አጥኑ

ምንም ሳትገዙ ለአንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ፀሐይ የት እንደምታርፍ እዩ፤ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት ላይ በመሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ወደ ምዕራብ የዞረ በረንዳ ከሰዓት ይቃጠላል። ወደ ምሥራቅ የዞረ ከሰዓት ጥላ አለው።

የአክስቴ ጓሮ ወደ ሰሜን የዞረ ነው። በሀብሩ አካባቢ ፀሐይ አብዛኛውን ዓመት እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ ስለዚህ የሰሜኑ በረንዳ በቤቱ ጥላ ውስጥ ይቆያል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ የሙቀቱ ወራት ናቸው። ተጨማሪው ጥላ የሚያስፈልገው ለእነዚያ ወራት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ለሚቆም ውድ ጣሪያ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ሌላም ነገር አለ። መካ ከሀብሩ ሲታይ ያለው ቀጥታ በሰሜን አቅጣጫ ነው ማለት ይቻላል። አክስቴ በበረንዳው ላይ መስገጃቸውን ሲያነጥፉ ፊታቸው ወደ ጓሮው ዛፎች ይሆናል። መደቡን ስንለካ ለመስገጃው የሚሆን ባዶ ቦታ ማስቀረት ነበረብን።

ማጽዳትና መለየት

የመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ የማውጣት ነው። ዕቃውን በሦስት ክምር ለዩ፤ የሚጠገን፣ ለሌላ ሥራ የሚውል፣ የሚጣል። ከሚጠገነው ውስጥ አንድ የጠፍር አልጋና ሁለት ዱካ አገኘን። ለሌላ ሥራ ከሚውለው ውስጥ 12 ጀሪካንና የቀለም ባልዲዎች ነበሩ። የአጎቴ ከዘራም ከዚያው ክምር ውስጥ ወጣ፤ አክስቴ በነጠላቸው ጠርገው ከበሩ አጠገብ ሰቀሉት። እሱን የት እናድርገው ብሎ የጠየቃቸው የለም።

ወለልና መደብ

የአፈር ወለል ጠላቱ ውሃ ነው። ወለሉን ከቤቱ ወደ ውጭ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያላችሁ ደልድሉ። የጣሪያው ጠፈጠፍ የሚወርድበትን መስመር ተከትላችሁ ቦይ ቆፍሩና በጠጠር ሙሉት። ይህ ብቻ የወለሉን ዕድሜ በብዙ ያራዝመዋል።

ለመደቡ ከታች ድንጋይ ደርድሩ፤ እርጥበት ወደ ላይ እንዳይመጣ ያግዛል። ከዚያ በላይ ጭቃና ድንጋይ እያፈራረቃችሁ ገንቡ። ለአዋቂ ሰው የሚመች ከፍታ ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አዛውንት 50 ብታደርሱት ለመነሳት ይቀላል፤ የአክስቴን በእሳቸው ልክ 48 አደረግነው። ወርዱ ከ45 እስከ 50 ይበቃል። ጀርባው ከግድግዳው ጋር ስለሚያያዝ መደገፊያ ለብቻው አያስፈልገውም።

የልስኑ ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀናት መቆየት አለበት፤ ጭዱ ሲበሰብስ ጭቃው ይያያዛል፣ ሲደርቅም ብዙ አይሰነጠቅም። በመጀመሪያው ልስን ላይ ስንጥቅ ቢታይ አትደንግጡ፤ ሁለተኛው፣ በእበት የቀጠነው ልስን ይሸፍነዋል። ይህን ሥራ የሰፈሩ ሴቶች በደቦ ሠሩት። ከመካከላቸው አንዷ መደቡን እያለሰለሱ፣ «እኔ ያን ጊዜ ስደት ላይ ነበርኩ፤ ለቅሶህን ሳልደርስ ቀረሁ» አሉ፤ ለሟቹ ነበር የሚናገሩት። አክስቴ ከወዲያ ማዶ ጭቃ እያቀበሉ፣ «አሁን ደረስሽ» አሏቸው። ሥራው ቀጠለ።

ጥላው

ለተጨማሪው ጥላ 6 የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ 10 ቀጫጭን አጣናና 3 ሸክም የማሽላ አገዳ በቂ ሆነ። አገዳው በአጣናዎቹ ላይ ተደርድሮ በሽቦ ይታሰራል። ፀሐይዋ በአገዳው መሐል ሾልካ መሬቱ ላይ ቀጫጭን መስመር ትሠራለች፤ ነፋስም ይገባል። በቆላ አገር ከቆርቆሮ ይልቅ ይህ ይቀዘቅዛል።

ልብ የምትሏቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ አገዳ የከብት መኖ ነው። በበጋው መጨረሻ መኖ ሲያጥር ይወደዳል፤ መኸሩ እንደተሰበሰበ፣ በታኅሣሥና በጥር ግዙት። የላም ቀለብ ነጥቃችሁ ጥላ አትሥሩ።

ሁለተኛ፣ ምስጥ አለ። ከመሬት የሚገባውን የቋሚ ጫፍ በእሳት ለብለቡት፣ ዙሪያውን በጠጠር ሙሉት። ብዙ ሰው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባል፤ ይሠራል፣ ነገር ግን የሚበላ ነገር ከምትተክሉበት አፈር አርቁት።

ሦስተኛ፣ ደረቅ አገዳ እሳት ይወዳል። የቡናው ከሰል ከአገዳው ሥር ሳይሆን ክፍት በሆነው በኩል ይሁን።

አገዳው ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ መለወጥ አለበት። እስከዚያ ግን ተክል ይተካዋል። ቅል ወይም ዱባ በጥቂት ወራት ውስጥ አጣናውን ይይዛል፤ ፓሽን ፍሩት ዘግይቶ ይደርሳል፣ ግን ብዙ ዓመት ይቆያል። ሁለቱን አብራችሁ ትከሉ።

ጀሪካኖቹና ውሃው

ጀሪካኖቹን በጎን ቆርጠን ሥራቸውን በምስማር በሳናቸው። ከሥር ጠጠር፣ ከላይ አፈርና የበሰበሰ ፍግ። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ጠጅ ሳርና አሪቲ ተተከሉባቸው፤ ጤና አዳሙ ለቡናው፣ ሌላው ለሽታው። ሁሉንም በአንድ ቀለም ብትቀቡ አሮጌነታቸው ይጠፋል። እኛ ለግድግዳው ከገዛነው ኖራ በተረፈው ነጭ አደረግናቸው።

ቀዳዳውን አትዝለሉት። ግራናን በመሰለ ሞቃት ቦታ ወባ አለ፤ የቆመ ውሃ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ትንኝ ሊያፈላ ይችላል። ጠፈጠፍ የሚያጠራቅም ማንኛውም ዕቃ ክዳን ይኑረው፣ ካልሆነም በየሳምንቱ ይደፋ።

ውሃ ከየት ይመጣል? በአክስቴ ቤት መልሱ ከውዱእ ነው። በቀን አምስት ጊዜ የሚታጠቡበት ውሃ ሳሙና የለውም፣ ንጹሕ ነው። መታጠቢያውን ድንጋይ ከቦታው አንስተን ከሎሚው ዛፍ ራስጌ አስቀመጥነው። በእናንተ ቤት ደግሞ ሩዝና አትክልት የታጠበበት ውሃ ይህን ሊሠራ ይችላል።

አጥር ላይ ቅንጭብ ወይም ቁልቋል ካለ ለሕፃናት ተጠንቀቁ፤ ወተቱ ዓይን ይጎዳል።

ቀለም፣ ምንጣፍ፣ መብራት

ግድግዳው ላይ የምትቀቡት ኖራ ርካሽና ብርሃን የሚሰጥ ነው። በጨርቅ አጥላችሁ፣ ትንሽ ጨው ጨምራችሁ፣ ሁለት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ አንዴ ወፍራም ከተቀባ ይላጣል። ኖራ እጅና ዓይን ያቃጥላልና ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁንም ሸፍኑ። የመደቡን ግንባር በቀይ አፈር ብትቀቡት ከነጩ ጋር ያምራል።

ለመደቡ ሰሌን፣ ከላዩ ያረጀ ብርድ ልብስ በአዲስ ጨርቅ ተሰፍቶ። ለማታ አንድ ሶላር መብራት፤ ቀን ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ላይ ስቀሉት። ከዚህ በላይ ጌጥ አላስፈለገም። ረከቦት፣ ጀበና፣ ማጨሻና ቄጠማ ሲመጡ ቀሪውን ይሞሉታል።

የወጪው ዝርዝር

ዋጋ ከገበያ ገበያ ስለሚለያይ ብዛቱን ብቻ ልስጣችሁ፤ በአካባቢያችሁ ዋጋ አባዙት።

የተገዛ፦ 6 ቋሚ፣ 10 አጣና፣ 3 ሸክም አገዳ፣ 2 ኪሎ ምስማር፣ 1 ጥቅል ሽቦ፣ 25 ኪሎ ኖራ፣ 2 ሰሌን፣ 1 ሶላር መብራት።

የተከፈለ ጉልበት፦ አንድ አናጺ ለ2 ቀን።

ከቤትና ከጎረቤት የተገኘ፦ ድንጋይ፣ አፈር፣ ጭድ፣ እበት፣ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ችግኝ፣ ዱካ፣ የጠፍር አልጋ፣ የደቦ ጉልበት።

ከፍተኛው ወጪ እንጨቱና አናጺው ነበሩ። ገንዘብ ካጠረ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ውሃ የሚሄድበትን ቦይ፣ ቀጥሎ መቀመጫውን፣ ከዚያ ጥላውን፣ በመጨረሻ ቀለሙን። ብዙ ሰው ከቀለሙ ይጀምርና ክረምቱ ያጥብበታል።

ከተማ ላላችሁ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምትኖሩ መደብ በጭቃ አይሆንም። በረንዳው የሚችለው ክብደት የተወሰነ ነው፤ እርጥብ አፈርም ከምታስቡት በላይ ይከብዳል። ትንንሽ ባልዲዎችን ከግድግዳው ሥር ደርድሩ እንጂ መሐል ላይ አትከምሩ። ለመቀመጫ የእንጨት ሣጥን ገልብጣችሁ ትራስ ጣሉበት፤ ውስጡም ዕቃ ይይዛል። ለጥላ ሰሌን አንጠልጥሉ፤ ሲነፍስ ይጠቀለላል። የታችኛው ጎረቤት ላይ ውሃ እንዳይወርድ ከየባልዲው ሥር ሳህን ይኑር፤ ሳህኑን ግን በየሳምንቱ ድፉት። ግቢ ተከራይታችሁ የምትኖሩ ደግሞ ስትለቁ ተሸክማችሁ የምትሄዱትን ብቻ አስገቡ፤ ለምትለውጡት ነገር ሁሉ አስቀድማችሁ አከራያችሁን አነጋግሩ።

ሰደቃው

ሥራው 9 ቀን ፈጀ። ልስኑ እስኪደርቅ ሌላ ሳምንት ተጠበቀ። በረንዳው ለእንግዳው ሁሉ ስላልበቃ ከፊቱ ዳስ ተጣለ፤ ያኔ ያልተጣለው ዳስ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መጣ፤ ወሎ ነውና ለክርስቲያኑ ለብቻው ታረደ። ዱዓ ተደረገ፣ አቦሉ፣ ቶናውና በረካው ተጠጣ። ጅዳ ያለው ልጅ በቪዲዮ ስልክ ገብቶ እንግዳውን ሁሉ አንድ በአንድ ሰላም አለ። መደቡን እንዲያሳዩት ጠየቀና ዝም ብሎ ብዙ አየው። «ሴራሚክ ቢሆን ይቀዘቅዝዎት ነበር» አለ በመጨረሻ። አክስቴ፣ «ስትመጣ ተቀምጠህ ንገረኝ» አሉት።

ወደ ግራና ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያ ያለ ሰው ጠይቁ። ለጉዞው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመቻል፤ ሙቀቱ ቀለል ይላል፣ ማሽላውም ከማሳ ላይ ሆኖ ወይም ሲታጨድ ታዩታላችሁ። ሰው ቤት ስትገቡ ፊት ለፊት ካለው ሳሎን አትቁሙ፤ ጓሮውን ጠይቁ። የአክስቴ የጓሮ በር አሁን ከዐስር እስከ መግሪብ ክፍት ነው።